ዝናው የሕዝብ፣ ክብሩ የራሱ



«ታዋቂ ሰው» ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ዘፋኝ፣ ተዋናይ ወይም ኳስ ተጫዋች ነው። ከክልላችን ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ በመላ ሀገሪቱ ፊታቸው የታወቀው ሰው ግን መሐንዲስ ነበሩ። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ከመተከል ዞን፣ ከጉባ ወረዳ፣ ለዓመታት በቴሌቪዥን ወደየቤታችን ሲገቡ ኖረዋል። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ሕይወታቸው ሲያልፍ የሀገራችን ጋዜጠኝነትም፣ ስልክ የያዘው ሁሉ ጠባይም ተፈተነ።

ስለ ጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር ስንጽፍ ሩቅ መሄድ ያላስፈለገን ለዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ መገናኛ ብዙኃን ስለ ታዋቂ ሰው ምን የመናገር መብት እንዳላቸውና መብታቸው የት ላይ እንደሚቆም ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንደርስበትን ከወዲሁ እንናገር፦ ዝና የሰውየውን ሥራ ለሕዝብ ጥያቄ ክፍት ያደርገዋል፤ ክብሩን ግን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም።

ዝናን የሚሠራው ማን ነው?

ግድቡ በይፋ የተጀመረው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከትርፉ ቦንድ ገዝቷል፤ ስለዚህ «ገንዘባችን የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቁ የማይቀር ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ፊት አስፈለገ። በግልገል ጊቤ የኃይል ማመንጫ ሥራዎች ልምድ ያካበቱት ኢንጂነር ስመኘው ያ ፊት ሆኑ። ግንባታው የተጀመረበት መታሰቢያ በደረሰ ቁጥር ጋዜጠኛው ወደ ጉባ ይወርዳል፤ ኢንጂነሩ ከኮንክሪቱ ፊት ቆመው ግንባታው ስንት በመቶ እንደደረሰ ይናገራሉ፤ እኛም መቶኛውን ይዘን እንተኛለን።

ይህ በራሱ ነውር የለውም። ሕዝብ ሥራን የሚወደው በሰው በኩል ነው። ነገር ግን እኛ የምህንድስና ተማሪዎች እንደምናውቀው ግድብ በአንድ ሰው አይሠራም። የሲቪል ሥራውን የያዘው የጣሊያኑ ሳሊኒ ነበር፤ የኤሌክትሮመካኒካልና የብረታ ብረት ሥራው የሜቴክ ነበር፤ ባለቤቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ከእነርሱ በታች ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሉ። ካሜራው አንድ ሰው ላይ ብቻ ሲያርፍ የሌሎቹ ድካምም ተጠያቂነትም ከዓይን ይሰወራል። ሥራው ሲሰምር ምስጋናው፣ ሲጓተት ወቀሳው በዚያው አንድ ትከሻ ላይ ይከመራል።

መንግሥት ሜቴክ ሥራውን እንዳጓተተና ውሉ እንደሚነጠቅ በይፋ የተናገረው በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ ኢንጂነሩ ካረፉ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ከመቶኛው ጎን «የትኛው ክፍል ነው የዘገየው? ማን እጅ ላይ ነው የቆመው?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ተጠይቆ ቢሆን ሕዝቡ እውነቱን ቀድሞ ባወቀ ነበር።

ስለዚህ ስለ ሥነ ምግባር ስናወራ ስም ማጥፋትን ብቻ ማሰብ የለብንም። ጥያቄ የሌለበት ውዳሴም የሙያ ጉድለት ነው። ሰውን ከልክ በላይ ማወደስ ለተወዳሹ ራሱ ጉዳት እንደሆነ በመድረሳ ከልጅነታችን ተምረናል። በጋዜጠኝነትም ያው ነው፤ ዛሬ ያለ መመርመር የተሰቀለ ሰው ነገ ያለ መመርመር ይወርዳል።

አርባ ሦስት ቀን

ሐምሌ 19 ጠዋት የኢንጂነር ስመኘው አስከሬን አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ፣ መኪናቸው ውስጥ ተገኘ። ፖሊስ ገና ምርመራ ጀምሬያለሁ ሲል ማኅበራዊ ሚዲያው ምርመራውን ጨርሶ ፍርዱን አንብቦ ነበር። አንዱ ግብፅን፣ ሌላው ባለሥልጣናትን፣ ሌላው በግድቡ ገንዘብ የሚጠረጠሩ ሰዎችን ገዳይ አደረገ። ከመኪናው ውስጥ የተነሱ ፎቶዎች ከስልክ ወደ ስልክ ዞሩ። ሐምሌ 22 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሥርዓተ ቀብራቸው ሲፈጸም አደባባይ የወጣው ሕዝብ ፍትሕ ይጠይቅ ነበር። ፌዴራል ፖሊስ የምርመራውን ውጤት ያስታወቀው ጳጉሜን 2 ቀን ነው፤ ራሳቸውን እንዳጠፉ ገለጸ። ይህን መግለጫ ለመቀበል የከበዳቸው ብዙ ሰዎች ያኔም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ።

በሞቱና በመግለጫው መካከል 43 ቀን አለ። በእነዚህ ቀናት አንድ ጋዜጠኛ ምን ማድረግ ነበረበት? ዝም ማለት መልስ አይሆንም፤ ዝምታ ወሬን ያደልባል። የሚጠበቅበት የታወቀውን ከተጠረጠረው ለይቶ መጻፍ ነበር፤ ፖሊስ ለምን እንደዘገየ በየሳምንቱ መጠየቅ ነበር፤ «ተባለ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ማን እንዳለውና ምን ይዞ እንዳለው መመርመር ነበር፤ ስለ ግድቡ ክፍያና መዘግየት ሰነድ መፈለግ ነበር። ጋዜጠኛ ክፍተት ሲያገኝ በጥያቄ ይሞላዋል፤ በግምት የሚሞላው ወሬኛ ነው።

በዚያ ሰሞን በግምት የተሞላው ክፍተት ለእኛ ክልል ቀልድ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ እዚሁ አሶሳ ሰው የሞተበት ግጭት ነበር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የካማሺ ዞን አመራሮች ከተገደሉ በኋላ በተነሳው ግጭት ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ተፈናቅለዋል። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦና ኮሞው፣ አማራውና ኦሮሞው ጎን ለጎን በሚኖርበት ሀገር «እገሌን የገደሉት የእነ እገሌ ወገኖች ናቸው» የሚል አንድ መስመር ጽሑፍ አዲስ አበባ ላይ አስተያየት ነው፤ እዚህ ሲደርስ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ የሚያስነሳ እሳት ሊሆን ይችላል።

ሰነዱ የት አለ?

በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) የማይታመን ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘናል። ምክንያቱንም ይነግረናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። ጋዜጠኞች «ማረጋገጥ» የሚሉት ይህንን ነው። የሐዲሥ ሊቃውንት ደግሞ ማረጋገጥን ራሱን የቻለ ዕውቀት አድርገውታል። አንድ ንግግር ሲመጣላቸው መጀመሪያ «ሰነዱ የት አለ?» ይላሉ፤ ማን ከማን ሰማ፣ በእርግጥ ተገናኝተዋል ወይ፣ የማስታወስ ችሎታውና ታማኝነቱስ እንዴት ነው? በሰንሰለቱ መሐል አንድ ቀለበት ከጎደለ መልእክቱ የቱንም ያህል ቢያምር ወደ ደካማው ይመደባል።

የሰነድ መጉደል ምን እንደሚያስከትል ሀገራችን በ2006 ዓ.ም. አይታለች። ድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ) የዐፄ ምኒልክን ዘመቻ «ቅዱስ ጦርነት» ብሎታል የሚል ጥቅስ ከመጽሔት ቃለ ምልልስ ጋር ተያይዞ ተሰራጨ። ድምፃዊው እንዲህ አላልኩም ብሎ አስተባበለ። ማስተባበያው ግን ጥቅሱን አልደረሰበትም። በዘመቻው የአያት ቅድመ አያት ቁስል ያለባቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን ተቆጡ፤ የኮንሰርት ጉዞውን ስፖንሰር ያደረገውን የበደሌ ቢራ እንዳይገዛ ዘመቻ ተከፈተ፤ የፋብሪካው ባለቤት ሄኒከንም ከስፖንሰርነቱ ወጣ።

ስለ ታሪኩ የማንም አቋም የፈለገው ይሁን፤ ዘፋኙን መውደድም አለመውደድም ይቻላል። እዚህ ላይ የሚያሳስበን የጥቅስ ምልክት ነው። በጥቅስ ምልክት ውስጥ የሚገባ ቃል ተናጋሪው ከአፉ ያወጣው ቃል መሆን አለበት። የአዘጋጁ ማጠቃለያ፣ የአንባቢው ግምት ወይም የፖስተር ሠሪው ሐሳብ እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም። የታዋቂ ሰው አንድ ቃል ሚሊዮኖች ጋር ስለሚደርስ ጥንቃቄውም በዚያው ልክ መብዛት አለበት። በእኛ ትምህርት ቋንቋ ብንለው፣ ብዙ ጭነት የሚሸከም ምሰሶ ከሌላው ይበልጥ ይመረመራል።

የሕዝብ የሆነውና የግል የሆነው

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ ጉዳይ ቀድሞ አስቦበታል። በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። በአንቀጽ 28 ደግሞ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ሰውየው ዝነኛ ወይም የሕዝብ ሥራ ላይ ያለ ከሆነ፣ ወይም ምስሉ የሕዝብ ጥቅም ካለው ወይም በአደባባይ ከተፈጸመ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽና የፕሬስን ነፃነት ሲሰጥ፣ በአንቀጽ 24 የክብርና የመልካም ስም መብትን፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ያስጠብቃል። ሁለቱ መብቶች ጠላቶች አይደሉም፤ አንዱ የሌላውን ድንበር ያሳያል።

ድንበሩን ለማግኘት አንዲት ጥያቄ ትበቃለች፦ ይህን ማወቄ ሰውየው በሕዝብ ስም የያዘውን ሥራ እንድገመግም ይረዳኛል? የግድቡ በጀት፣ የውሉ ይዘት፣ የመዘግየቱ ምክንያት የሕዝብ ነው፤ መሐንዲሱም፣ ሚኒስትሩም ሊጠየቁበት ይገባል። የባለቤቱ ዕንባ፣ የልጆቹ ፊት፣ የጤናው ሁኔታ ግን የሕዝብ ዕዳ የለበትም። «ሰው ስለሚወደው ነው የዘገብነው» የሚል መልስ አይበቃም። ሕዝብ የሚጓጓለት ሁሉ ሕዝብን የሚጠቅም አይደለም። ሰውን መሰለልንና ሐሜትን አላህ በዚያው በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ላይ ለይቶ የከለከለው የጉጉታችንን ጠባይ ስለሚያውቅ ነው። እውነት የሆነ ነገር እንኳ በማይመለከተን ጉዳይ ላይ ሲነገር ሐሜት ይባላል፤ ውሸት ከሆነማ ቡህታን ነው።

አስከሬንና ሐዘን

የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኮቢ ብራያንት እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 2020 በሄሊኮፕተር አደጋ ከ13 ዓመት ልጁና ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር ሞተ። ባለሥልጣናት ለቤተሰብ መርዶ ሳያደርሱ ዜናው በመውጣቱ የአካባቢው የፖሊስ ኃላፊ በአደባባይ ወቅሰዋል። አደጋው ቦታ የደረሱ የመንግሥት ሠራተኞች ያነሷቸው የአስከሬን ፎቶዎችም ከሥራው ውጭ ለሆኑ ሰዎች ታዩ። ባለቤቱ ከሰሰች፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022 ዳኞች የሎስ አንጀለስ ካውንቲ 16 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍላት ወሰኑ። ፎቶዎቹ በጋዜጣ አልወጡም ነበር። ለጥቂት ሰዎች መታየታቸው ብቻ ለፍርድ በቃ።

በእኛ ሀገር ስንቱ አስከሬን በቴሌግራም እንደሚዞር ሁላችንም እናውቃለን። በዲናችን ሟች ክብሩ ከእርሱ ጋር አይቀበርም። አጣቢው ያየውን ነውር እንዲሸፍን ታዟል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ ተነስተው መቆማቸውንና እርሱም ነፍስ መሆኑን ማስታወሳቸውን የሐዲሥ ሊቃውንት ዘግበዋል። ሟቹ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ የምናውቀው ይሁን የማናውቀው፣ ፎቶውን ከመላክ መቆጠብ ከዚያ መቆም ጋር የሚሄድ ሥራ ነው።

ራስን ማጥፋት ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጋዜጠኞች ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2023 ያደሰው መመሪያ አለው። አድራጎቱ የተፈጸመበትን መንገድ አትዘርዝሩ፣ የቦታውንና የአስከሬኑን ምስል አታውጡ፣ ምክንያቱን በአንድ ቃል አትደምድሙ፣ እርዳታ የሚገኝበትን ጠቁሙ ይላል። ሟቹ ታዋቂ ሲሆን አደጋው ከፍ ይላል፤ በጭንቀት ውስጥ ያለ አንባቢ ራሱን በታዋቂው ሰው ቦታ ሊያይ ይችላልና። እኛም በዚህ ጽሑፍ የኢንጂነር ስመኘውን አሟሟት ያልዘረዘርነው ሆን ብለን ነው። ከእናንተ መሐል ልቡ የከበደበት ካለ ለሚያምነው ጓደኛ፣ ለኡስታዙ ወይም ለሐኪም ይንገር፤ ጭንቀትን መናገር የኢማን ጉድለት አይደለም።

ዳኛ ሳይፈርድ መፍረድ

የሙስሊም ተማሪ አንባቢ ይህን ክፍል በተለይ ያስታውሰዋል። ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጀሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም አሳየ። በፊልሙ የታዩት የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በሕዝቡ ዘንድ የታወቁ ኡስታዞችና ዳዒዎች ነበሩ። ጉዳያቸው በፍርድ ቤት እየታየ ነበር፤ በእስር ላይ ሳሉ የተቀረጹ ምስሎቻቸው ቀረቡ፤ ፍርድ ቤት የሰጠው እግድም ሥርጭቱን አላስቆመውም። የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ፊልሙ ከታየ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ። በኋላም እስረኞቹ በየተራ ተፈቱ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር መብት ይሰጣል። ያኔ ይህ መብት የእኛ ወገኖች ሲነፈጋቸው ታመመናል። እንግዲህ ሕመሙን ካወቅነው በሌላ ሰው ላይም ማወቅ አለብን። የማንወደው ፖለቲከኛ፣ የሌላ እምነት ሰባኪ ወይም የማንሰማው ዘፋኝ ሲያዝ «ሌባው»፣ «ገዳዩ» እያልን የምናስተላልፈው ቪዲዮ ከዚያ ፊልም የሚለየው በርዝመቱ ብቻ ነው። ለራስ ሲሆን ፍትሕ፣ ለሌላ ሲሆን ወሬ የሚል ሚዛን የለም።

እርማት እንደ ጥቅሱ ይሰማ

ጋዜጠኛ ሰው ነውና ይሳሳታል። ጥሩ መገናኛ ብዙኃን የሚታወቀው ስህተቱን በሚያርምበት መንገድ ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ስሙ ለተነሳ ሰው የመልስና የእርማት መብት ይሰጣል። ይኸው አዋጅ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት በወንጀል ሳይሆን በፍትሐ ብሔር እንዲዳኝ አድርጓል፤ ጋዜጠኛው እስር ሳይፈራ እንዲጠይቅ፣ የተጎዳውም ካሣ እንዲያገኝ ነው። አቤቱታ ያለው ሰው ወደ ኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፣ ወይም ሙያተኞቹ ራሳቸውን ለመቆጣጠር ወዳቋቋሙት ወደ መገናኛ ብዙኃን ምክር ቤት ሊሄድ ይችላል። ስህተቱ በፊት ገጽ ወጥቶ እርማቱ በመጨረሻው ገጽ ጥግ ከተደበቀ ግን መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

የእኛ ድርሻ

ዛሬ ማተሚያ ቤቱ ኪሳችን ውስጥ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚፈጸም ጥፋትን ከብሮድካስትና ከኅትመት ጋር እኩል ያስቀምጠዋል። የግቢያችን ቻናሎችም እያደጉ ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ከውሸታም እንደሚቆጠር ከነቢያችን ትምህርት እናውቃለን። ስለ ታዋቂ ሰው የመጣ ነገር «ላክ» የሚለውን ከመንካታችን በፊት አራት ነገር እንጠይቅ፦

1. ሰነዱ የት አለ? መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው? «ከውስጥ አዋቂ» የሚል ሰንሰለት አይደለም።

2. ከሥራው ጋር ይገናኛል? ወይስ ከቤቱ፣ ከሰውነቱ፣ ከሐዘኑ ነው?

3. ቤተሰቡ ቢያየው፣ ጎረቤታችን ቢያነበው ምን ይሆናል?

4. ውሸት ሆኖ ቢገኝ እርማቱን ለላክንላቸው ሁሉ ማድረስ እንችላለን?

ለአንዱ እንኳ መልስ ካጣን መልእክቱ እኛ ጋ ይቁም። በጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ አደራ አለባችሁ። ይህ ክልል ስለ ራሱ የሚጽፉ፣ በራሱ ቋንቋዎች የሚጠይቁና የሚያጣሩ ጋዜጠኞች ያስፈልጉታል።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የኢንጂነር ስመኘው ትክክለኛ ፎቶ ፍለጋ ለሚወጣ ሰው እዚያ ያገኘዋል፤ ከሠሩት ሥራ ፊት የቆሙበትን። ከመኪናው ውስጥ የተነሳው ስልካችሁ ላይ ካለ አጥፉት።

አላህ ምላሳችንንም ጣታችንንም ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።